ውሻ የቤት ዕቃ በዋጠ ጊዜ ሊደረግ ስለሚገባው ነገር

በጎንደር ከተማና በሰሜን ደጋ፣ ይኸውም በዳባት፣ በደባርቅ፣ በጃናሞራና በበየዳ አገር፣ ውሻ የደጅ ዘበኛ፣ የበረት ጠባቂና የእረኛ ረዳት መሆኑ የታወቀ ነው። ሌሊት ጅብ በረቱን ሲዞር፣ ቀንም ቀበሮ ግልገል ለመንጠቅ ሲያደባ፣ አስቀድሞ የሚነቃና የሚጮኽ እርሱ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የተባለውም ስለዚህ ነው። ጥሩ ውሻ የሞተበት ባለ በግ በመጀመሪያ የጐደለበት ነገር ያለ አይመስለውም፤ ጥቂት ቀን ቈይቶ ከመንጋው አንድም ሁለትም እየጠፋ ሲሄድ ግን የውሻውን ዋጋ ያን ጊዜ ያውቀዋል።

ይህ ጠቃሚ እንስሳ አንዳንድ ጊዜ የማይበላውን ነገር ይውጣል። መርፌ ከነክሩ፣ የሥጋ ሽታ ያለበት ፌስታል፣ የምራን ቍራጭ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የልጅ ካልሲ፣ ይህን የመሰለውን ሁሉ ውጦ ይገኛል። በዚህን ጊዜ ባለቤቱ ደንግጦ የመጣለትን ሁሉ ያደርጋል፤ እጁን ወደ ውሻው ጕረሮ ይሰዳል፣ ዘይት ይግተዋል፣ ጨው በውሃ በጥብጦ ያጠጣዋል፣ የተንጠለጠለውን ክር ይስባል። ከዚህም የተነሣ ሁለት ዓይነት ጉዳት ይመጣል። አንደኛው፣ በተዋጠው ነገር የማይሞተው ውሻ በመድኃኒቱ ይሞታል። ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው፤ ዐጥንት የተሰነቀረበት የመሰለው ውሻ በእውነቱ የእብደት በሽታ የያዘው ሆኖ ሲገኝ፣ እጁን አፉ ውስጥ ያስገባው ሰው ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጧል ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ከሚነገረው ምክር ሁሉ የሚቀድመው ደንብ አንድ ነው፤ ይኸውም ከእጅ በፊት ዐይን ይቅደም የሚል ነው።

ውሻ ስለሚውጠው ነገርና ስለ ምክንያቱ

ውሻ መብሉን የሚመርጠው በዐይኑ ሳይሆን በአፍንጫው ነው። የሥጋ፣ የቅቤ ወይም የወጥ ሽታ ያረፈበት ነገር ሁሉ ምንም የማይበላ ቢሆን ለእርሱ መብል ይመስለዋል። ደግሞም ውሻ እንደ በሬ አመንዥኮ የሚበላ እንስሳ አይደለም፤ ቦጭቆ ይውጣል እንጂ። ቡችላም ጥርሱን በሚለውጥበት ወራት ያገኘውን ሁሉ ሲያኝክ ሳለ ብዙውን ሳያስበው ይውጠዋል።

በከተማ ዘወትር የሚዋጠው ከሥጋ ቤት የተጣለ ፌስታል፣ የተቀቀለ ዐጥንት፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የኮክ ፍሬ፣ ጨርቅና ካልሲ ነው። በገጠር ደግሞ ከሞፈርና ከቀንበር የተፈታ ምራን፣ ጠፍር፣ ገመድ፣ የቆዳ ቍራጭ ይገኝበታል። በየቤቱ የፍራሽና የትራስ መስፊያ መርፌ ከነክሩ ወድቆ ከፍርፋሪ ጋር ሲቀላቀል አብሮ ይዋጣል። ይልቁንም በፋሲካ፣ በገና፣ በቅዱስ ዮሐንስና በመስቀል ሰሞን በየደጁ ዕርድ ስለሚበዛ፣ ዐጥንቱና ደም የነካው ፌስታል በየሜዳው ይጣላል፤ ይህም አደጋ በዚያው ሰሞን ይበረታል።

የተዋጠው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ጉዳት አያደርስም፤ ጉዳቱ በሚያርፍበት ስፍራ ይለያያል። በአየር መተላለፊያው አፍ ላይ የተሰነቀረ እንደ ሆነ በጥቂት ደቂቃ ይገድላል። የምግብ መውረጃው ቧንቧ ከአንገት ወደ ደረት በሚገባበት፣ በልብ አጠገብ በሚያልፍበትና ወደ ጨጓራ ሊደርስ ሲል ጠበብ ይላል፤ ዐጥንት ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ስፍራዎች ይያዛል። በዚያም አንድ ቀን ያህል የቈየ እንደ ሆነ ቧንቧውን እያቈሰለ ሊበሳው ይችላል። ጨጓራ የደረሰው ነገር ከጨጓራ መውጫው የሚበልጥ ከሆነ እዚያው ይቀራል፤ መውጫውን ካለፈ በኋላም በቀጭኑ አንጀት ሊታገድ ይችላል። ትንሽና ለስላሳ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ከዐይነ ምድር ጋር ይወጣል።

እጅ ከመስደድ በፊት ስለ ማስተዋል

ውሻ አፉን ከፍቶ፣ ለሐጩ እየተዝረበረበ፣ መዋጥ ተስኖት በታየ ጊዜ፣ «ዐጥንት ተሰንቅሮበታል» ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በመናከስና በመሮጥ ብቻ አይገለጽም። ጸጥ ያለው ዓይነት የመንጋጋውንና የጕረሮውን ጅማት ያሰንፋል፤ የታችኛው መንጋጋ ይንጠለጠላል፣ ምላስ ይወጣል፣ ምራቅ ይፈስሳል፣ ድምፅ ይለወጣል፣ ኋላም እግር ይደክማል። ይህን ያየ ሰው ዐጥንት የታነቀ መስሎት እጁን ወደ አፉ ያስገባል። በሽታውም የሚተላለፈው በምራቅ ስለ ሆነ፣ ውሻው ባይነክሰውም እንኳ በጣቱ ላይ ያለ ትንሽ ጭረት መግቢያ ይሆነዋል።

ከዚህም ሌላ ሊታወቅ የሚገባው፣ ያበደ ውሻ ከልማዱ ውጭ እንጨት፣ ድንጋይ፣ ገለባና ጨርቅ የሚውጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጤናማ የነበረ ትልቅ ውሻ ያለ ምክንያት የማይበላ ነገር መዋጥ የጀመረ እንደ ሆነ፣ መዋጡ ራሱ የበሽታው ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ ነገር አለ። ዐጥንት የተሰነቀረበት ውሻ ሕመሙ የሚጀምረው በድንገት በመብል ላይ ሳለ ነው፤ ጌታውን ያውቃል፤ አፉን በእግሩ ደጋግሞ ይቧጥጣል። የታመመው ግን ጠባዩ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ይለወጣል፤ ወይ ይሸሸጋል፣ ወይ ያለ ነገር ይቈጣል፤ አፉንም የሚቧጥጠው እምብዛም ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምልክት ለሐኪም እንኳ ሁልጊዜ የተረጋገጠ አይደለም። ስለዚህ የእብደት ክትባት ያልተከተበ ውሻ፣ ደግሞም ሲውጥ ሰው በዐይኑ ያላየው ከሆነ፣ ማንም ሰው በአፉ እጁን አያግባ። ውሻውን በጠንካራ ገመድ አስሮ ወይም በቤት ዘግቶ፣ ልጆችንና ከብቱን አርቆ፣ ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ነው።

ይህ በሽታ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ1876 ዓ.ም. ገደማ በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ብርቱ የእብድ ውሻ በሽታ መነሣቱ በታሪክ ተጽፏል፤ በነሐሴ 1895 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ታይቷል። በ1877 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በዚሁ በሽታ ለተነከሰ ልጅ ክትባት ሰጥቶ መዳኛው መንገድ ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ሆኖም የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው ዛሬም በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ሰውን ከያዘውም ከ100 እጁ 99 ያህሉ የመጣው ከውሻ ነው።

በውሻ የተነከሰ፣ የተቧጨረ ወይም ምራቅ ቍስሉን የነካው ሰው ወዲያውኑ ቍስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠበው፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሄዶ ክትባት ይጀምር። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ወደ ጸበል መሄድ ወይም የአገር መድኃኒት መውሰድ የሚሻ ሰውም ቢሆን፣ ክትባቱን አስቀድሞ ይጀምር፤ የቀጠሮውንም ቀን አያጓድል። ጤናማ የሚመስል ውሻ ሰው የነከሰ እንደ ሆነ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከታመመ ወይም ከሞተ ለሐኪም ይነገራል።

ውሻው የታነቀ እንደ ሆነ

የተከተበና የታወቀ ውሻ ሰው እያየው አንድ ነገር ውጦ ቢታነቅ፣ ጊዜው አጭር ስለ ሆነ በቦታው ሊረዱት ይገባል። የመታነቁ ምልክት ትንፋሽ ማጣት፣ ድምፅ ማጣት፣ መንፈራገጥና የድዱ መልክ ወደ ሰማያዊ መለወጥ ነው። በዚህን ጊዜ አንዱ ሰው የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ በጨርቅ ይዞ ይክፈት፤ ሌላው በብርሃን ወደ ውስጥ ይመልከት። ነገሩ በግልጥ የሚታይ ከሆነ በጉጠት ይዞ ማውጣት ነው። በዐይን ሳይታይ በጣት መፈለግ ግን የታነቀበትን ነገር ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ነገሩ ያልታየ እንደ ሆነ፣ ትንሹን ውሻ የኋላ እግሮቹን ከፍ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ መያዝና በትከሻዎቹ መካከል በእጅ መዳፍ መታ መታ ማድረግ ነው። ትልቁን ውሻ ግን ከበስተኋላው ሆኖ ሆዱን በሁለት ክንድ አቅፎ፣ አንዱን ጡጫ ከጎድን አጥንቱ በታች አሳርፎ፣ ወደ ላይና ወደ ፊት በፍጥነት 5 ጊዜ ያህል መግፋት ይገባል። ከዚያ በኋላ አፉን እንደ ገና መመልከት ነው። ነገሩ ቢወጣም እንኳ ጕረሮው ስለሚቈስል ለሐኪም ማሳየት አይቅር።

የተዋጠውን ነገር በየዓይነቱ ስለ መለየት

ውሻው የሚተነፍስ ከሆነ መቸኰል አያስፈልግም፤ የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ነውና። አስቀድሞ ምን እንደ ዋጠ፣ ምን ያህል እንደ ዋጠ፣ በስንት ሰዓት እንደ ዋጠ መመርመርና መጻፍ ይገባል። ከተዋጠው ነገር የተረፈ ቍራጭ ወይም የመድኃኒቱ መያዣ የተገኘ እንደ ሆነ ለሐኪሙ እንዲታይ ይቀመጥ።

1ኛ፤ ትንሽ፣ ለስላሳና ስለት የሌለው ነገር፣ እንደ ቍልፍ ወይም እንደ ትንሽ ጨርቅ ያለ፣ ውሻው የሚበላና የሚጫወት ከሆነ የተለመደውን መብል እየሰጡ 3 ቀን መጠበቅ ይቻላል። ዐይነ ምድሩ በየቀኑ በእንጨት እየተበተነ ይመርመር። ነገሩ እስከዚያ ካልወጣ ወይም ከዚህ በታች የሚነገረው ምልክት ከታየ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

2ኛ፤ መርፌ፣ ምስማር፣ ሽቦ፣ የመስታወት ስባሪና የተሰነጠቀ ዐጥንት የዋጠውን ውሻ ለማስመለስ መሞከር ፈጽሞ አይገባም፤ ሲወርድ ያልወጋው ሲመለስ ይወጋዋልና። ሐኪም በአቅራቢያ ካለ ምንም ሳያበሉ ወዲያው መውሰድ ነው። በዚያው ቀን ሐኪም የማይደረስበት ስፍራ ከሆነና ውሻው የማያስመልስ እንደ ሆነ፣ ወፈር ያለ ገንፎ ማብላት ስለታሙን ነገር ሸፍኖ ለማሳለፍ ሊረዳ ይችላል፤ መንገዱን ግን ማዘግየት አይገባም።

3ኛ፤ ክር፣ ገመድ፣ ምራንና ጠፍር ከሚታሰበው በላይ ክፉ ናቸው። የክሩ አንዱ ጫፍ ከምላስ ሥር ወይም በጨጓራው መውጫ ላይ ሲያዝ፣ ሌላው ጫፍ ወደ አንጀት ይወርዳል፤ አንጀቱም ሊያሳልፈው ሲታገል በክሩ ላይ እንደ ተሸበሸበ ጨርቅ ይሰበሰባል፤ ክሩም እንደ መጋዝ እየቈረጠ ይበሳዋል። ስለዚህ ክር በአፍ ወይም በመቀመጫ በኩል ተንጠልጥሎ ቢታይ ማንም አይሳበው። ጥሬ ቆዳም በጨጓራ ውስጥ ውሃ እየጠጣ ስለሚያብጥ፣ ሲዋጥ ቀጭን የነበረው ኋላ ሊያግድ ይችላል።

4ኛ፤ ፌስታል፣ ካልሲ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳና የኮክ ፍሬ አይፈጩም። ቆረቆንዳና የኮክ ፍሬ በጨጓራ ውስጥ ቀናትና ሳምንታት ቈይተው በድንገት ወደ አንጀት ወርደው ሊያግዱት ይችላሉ። ስለዚህ ውሻው ለጥቂት ቀን ደኅና መስሎ መታየቱ ብቻውን መተማመኛ አይሆንም።

5ኛ፤ የባትሪ ድንጋይ፣ ይልቁንም የሰዓትና የመጫወቻ ትንሽ ክብ ባትሪ፣ በምግብ ቧንቧ ላይ የተያዘ እንደ ሆነ በ2 ሰዓት ውስጥ ብርቱ ቃጠሎ ያደርሳል። ይህን የዋጠ ውሻ አፉ በውሃ ይለቅለቅ፤ እንዲያስመልስ አይደረግ፤ ቀንም ሆነ ሌሊት ወደ ሐኪም ይወሰድ።

6ኛ፤ መርዝነት ያለው ነገር ሁሉ ምልክቱ እስኪታይ አይጠበቅም። አንዳንድ የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ስለ ሆነ፣ ውሻው ከ2 እስከ 5 ቀን ጤናማ መስሎ ቈይቶ በድንገት ይደማል፤ ይህ መርዝ በጊዜው ከተደረሰበት ቫይታሚን ኬ የተባለ መድኃኒት አለው። በጎተራ እህልን ከነቀዝ ለመጠበቅ የሚገባው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ደግሞ በሆድ ውስጥ እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ውሻው ያስመለሰው ነገር ጋዙን ስለሚተነፍስ፣ እንዲህ ያለው ውሻ በዝግ ቤትና በተዘጋ መኪና ውስጥ አይያዝ፤ በሜዳ ነፋስ በሚያገኝበት ይሁን፤ ሰውም በትውከቱ ላይ አያጎንብስ።

ስለሚታየው ምልክት

የምግብ ቧንቧው የታገደበት ውሻ የበላውን ወዲያው ይመልሳል፤ አንገቱን ይዘረጋል፣ ደጋግሞ ይውጣል፣ ለሐጩም ይበዛል። አንጀቱ የታገደበት ግን ደጋግሞ ያስመልሳል፤ ውሃ እንኳ በሆዱ አይረጋም። መብል ይጠላል፤ ጀርባውን ያጐብጣል፤ አንዳንዱ ደረቱን መሬት አስነክቶ ኋላውን ከፍ አድርጎ ይቆማል፤ ሆዱን ሲነኩት ያቃስታል። ዐይነ ምድሩ ይታገዳል፣ ወይም ጥቍርና ደም የቀላቀለ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ «እስከ ነገ ይደር» ማለት አይገባም። አንጀት የተበሳ እንደ ሆነ ቈሻሻው በሆድ ዕቃ ውስጥ ተሰራጭቶ ውሻውን በአጭር ጊዜ ይገድለዋልና።

ሊደረግ ስለማይገባው ነገር

ዘይት፣ ቅቤ፣ ወተት፣ የተልባ ውሃ ወይም አረቄ በግድ መጋት አይገባም። የታነቀ ወይም የደከመ ውሻ የተጋተውን ወደ ሳንባው ያስገባዋል፤ ከዚህም የሳንባ ምች ይመጣል። ለማስመለስ ተብሎ ጨው ማጠጣት ራሱ መርዝ ነው፤ ጨው በደም ውስጥ ሲበዛ አንጎልን ይጐዳል። ማስመለስ የሚጠቅመው የተዋጠው ነገር ለስላሳ ሆኖ በተዋጠ እስከ 2 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ያንንም የሚያደርገው ሐኪም ነው። ላምባና ቤንዚን፣ የሚያቃጥል ነገር፣ ስለታም ነገር የዋጠ፣ ወይም ራሱን የሳተ ውሻ ግን በምንም ምክንያት እንዲያስመልስ አይደረግም። ለሰው የተሰጠ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ለውሻ መስጠትም ክልክል ነው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የውሻን ጨጓራ፣ ጉበትና ኵላሊት ይጐዳሉ።

ወደ ሐኪም ስለ መውሰድ

በየቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ በሚገኝበት ስፍራ አስቀድሞ በዚያ ማስታወቅ ነው። በጎንደር ከተማ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና የእንስሳት ሳይንስ ኮሌጅ አለ። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ከመነሣት በፊት በስልክ ጠይቆ ሊረዳ የሚችለው ሐኪም የት እንዳለ ማወቅ ድካምንና ሰዓትን ያተርፋል።

መኪና በማይገባበት ደጋ ውሻውን ማስሮጥ አይገባም፤ በጀንዲ ወይም በጋቢ ላይ አስተኝቶ ሁለት ሰው እንደ ቃሬዛ ይሸከሙት። የታመመ ውሻ ጌታውንም ይነክሳልና አፉን በሰፊ ጨርቅ ማሰር ይገባል፤ ነገር ግን የሚያስመልስ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ከሆነ አፉ አይታሰር። ሐኪሙ ሆዱን ዳስሶ፣ መሣሪያ ባለበትም በኤክስ ሬይ ተመልክቶ ይወስናል። ፌስታል፣ ጨርቅና ቆዳ ግን በኤክስ ሬይ በግልጥ ስለማይታዩ፣ የባለቤቱ ምስክርነት ከመሣሪያው የማይተናነስ ዋጋ አለው። ስለዚህ «ምን ዋጠ? መቼ ዋጠ? ክትባቱን መቼ ተከተበ?» ለሚሉት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ይዞ መሄድ የተገባ ነው።

ይኸው አደጋ በከብት ላይ ስለ መድረሱ

ውሻው የዋጠውን ፌስታል በሬውና በጉም ይውጡታል። በኢትዮጵያ ቄራዎች በልዩ ልዩ ዘመን በተደረጉ ምርመራዎች በከብትና በበግ ጨጓራ ውስጥ ከተገኘው ባዕድ ነገር ብዙው ፌስታልና የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ፌስታሉ እየተጠቀለለ እንደ ኳስ ሆኖ ስፍራ ስለሚይዝ፣ በሬው ጥጋብ እየተሰማው ይከሳል። ምስማርና ሽቦ ደግሞ የማር እንጀራ በሚመስለው የጨጓራ ክፍል ያርፋሉ፤ ይህም ክፍል ለልብ የቀረበ ስለ ሆነ፣ ምስማሩ ግድግዳውን በስቶ ልብ ሊደርስ ይችላል። ያለ ሌላ ምክንያት መብል ያቆመ፣ ክንዱን ከደረቱ ያራቀ፣ ቁልቁለት ሲወርድ የሚያቃስት በሬ ይህ እንዳልደረሰበት ሊመረመር ይገባዋል።

ስለ አስተዳዳሪዎችና ስለ ባለ ይዞታዎች ፈንታ

አንድ ውሻ መርፌ ቢውጥ ነገሩ የባለቤቱ ነው። ክትባት የሌለው ውሻ፣ በየሜዳው የተጣለ ፌስታልና ያልተቀበረ የዕርድ ትራፊ ግን የአገር ነገር ስለ ሆነ የአስተዳዳሪን ትእዛዝ ይፈልጋል።

አንደኛ፤ በየወረዳው ያሉ ውሾች ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ በየዓመቱ የእብደት ክትባት እንዲከተቡ ቀን ቈርጦ ማስታወቅ ነው። በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከ100 እጁ 70 የተከተበ እንደ ሆነ በሽታው በውሾች መካከል እንደማይስፋፋ የዓለም የጤና ድርጅት ያስረዳል። የተከተበው ውሻ ምልክት ቢደረግለት፣ ታንቆ በተገኘ ጊዜ ሊረዳው የሚመጣው ሰው በቶሎ ያውቀዋል። ይህም ለሰው ብቻ ሳይሆን ለሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አራዊትም ይጠቅማል። በ1984 ዓ.ም. እና በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሻ የተላለፈ የእብደት በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏልና።

ሁለተኛ፤ በገበያና በሥጋ ቤት አጠገብ የቈሻሻ ጕድጓድ ተቈፍሮ፣ ዐጥንቱና ትራፊው ውሻ በማይደርስበት ጥልቀት እንዲቀበር ማድረግ ነው። ውኃ የቋጠረ የበግ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መጣል ደግሞ የውሻን ትል ያራባል፤ የዚያም ትል ዕንቁላል ወደ ሰው ሲገባ በጉበትና በሳንባ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ዕጢ ያበቅላል።

ሦስተኛ፤ ስለ ፌስታል የወጣውን ሕግ ማስፈጸም ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቈሻሻ አያያዝ አዋጅ ቍጥር 513 በስሱ ፌስታል ላይ ገደብ አድርጎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። በዘንቢልና በከረጢት መገበያየት ለጎንደር ገበያ አዲስ ነገር አይደለምና፣ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ልማዱ እንዲመለስ ማስረዳት አያስቸግርም።

አራተኛ፤ ከዚህ በላይ የተነገረው ምክር በገበያ ቀን፣ በዕድርና በሰንበቴ፣ በትምህርት ቤትም እንዲነገር ማድረግ ነው። ይልቁንም ከውሾች ጋር የሚውሉት እረኞች ልጆች ስለ ሆኑ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ ውሻ ሲያዩ እንዳይነኩትና ለታላላቆቻቸው እንዲናገሩ አጥብቆ ማስተማር ይገባል። ልጅ የተነከሰ እንደ ሆነ ቅጣት ፈርቶ እንዳይደብቅ፣ ወላጆች ሳይቈጡ እንዲቀበሉት መምከር ያስፈልጋል።

መርፌና ክርን በሣጥን፣ ባትሪንና መርዝን በከፍታ ስፍራ ማስቀመጥ፣ ምራንን ከሞፈር ላይ ፈትቶ መስቀል፣ ከዕርድ በኋላ ደጁን መጥረግ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ይህን ጥቂት ጥንቃቄ የሚያደርግ ባለ ቤት ውሻውንና በሬውን ከሞት፣ ልጁንም ከእብደት በሽታ ይጠብቃል።